አንድ አስፋልት፣ ሁለት በጀት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር በየስልኩ የሚዘዋወረው ጥያቄ «እነ እገሌ ትምህርት ቤት ስንት አሳለፈ?» የሚል ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ሲሆን 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚህ ቁጥር ሥር ያለው ልዩነት ግን ከፈተናው ቀድሞ ይጀምራል። በሰሜን ሸዋ፣ ሸዋ ሮቢት የራሱ ከተማ አስተዳደር አለው፤ ዙሪያው ቀወት ደግሞ ሌላ ወረዳ ነው። በአንድ የደሴ መንገድ ግራና ቀኝ የሚማሩ ልጆች በጀታቸው የሚጸድቀው በሁለት ምክር ቤት ነው።

የወረዳው በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ መምህሩን ተከትሎ ይሄዳል። ጀማሪው ቆላ ቀበሌ ይመደባል፣ ዓመት ቆጥሮ ዝውውር ይሞላል፣ መሪ መምህር ሲሆን ከተማ ይገኛል። «ለከተማው ይብለጥ» ብሎ የጻፈ የለም፤ ይበልጣል እንጂ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ (ስኩል ግራንት) በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ እኩል ይመስላል። ሆኖም 300 ልጅ ያለውም 2,000 ልጅ ያለውም የሚያስፈልገው ማባዣ ማሽን ያው አንድ ነው።

ጉድለቱን የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) በመዋጮ ይሞላዋል፤ ሽንኩርት ዋጋ ካወጣ ማለት ነው። መዋጮ ከተነሳ ደግሞ ቆርቆሮን ማለፍ አይቻልም። ኮርኒስ በሌለው ክፍል፣ በከሰዓት ፈረቃ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ልጆቹ ዴስካቸውን ፀሐይ ወዳልደረሰበት ግድግዳ ይጎትታሉ። ደብተር ማራገቢያ ይሆናል፤ የዕለቱን ዋና አገልግሎት የሚሰጠውም ያን ጊዜ ነው። ዝናብ ሲመጣ የመምህሩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፤ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ክፍል የነደፈው ሰው ብርዳማው ጣርማ በር ላይ ጋቢ ተከናንቦ ሳይሆን አልቀረም። ኮርኒስ ያለው ትምህርት ቤት ወላጁ ያዋጣለት ነው፤ ወይም አጥሩን ለመንገድ ዳር ሱቅ አከራይቶ የውስጥ ገቢ ያገኘ። ገደል ሥር ያለው ትምህርት ቤት ሱቁን ለማን ያከራይ? ለዝንጀሮ?

በዚህ ላይ ግጭትና ጦርነት አለ። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚያው መንገድ ላይ ያለችው አጣዬ ተቃጠለች፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገባ። ከዚያ በኋላ መዋጮ የሚጠየቀው ወላጅ ቤቱንም የሚያድስ ወላጅ ነው።

የማሾ ለቀማ ሲደርስ የገጠሩ ክፍል ይሳሳል። መምህሩ ስም ይጠራል፤ ከኋላ ወንበር «ማሾ!» የሚል መልስ ይመጣል፤ ቀጣዩን ስም ይጠራል፤ «ማሾ!»