ታአል ሐይቅ ዳር ምሳ

ማኒላ ለአጭር ሥልጠና ሄጄ የተዋወቅሁት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ፣ «ቅዳሜ አያቴን ልጠይቅ ወደ ታሊሳይ እሄዳለሁ፤ አብረን እንሂድ» አለኝ።

በጂፕኒ ጀመርን። አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትተዋቸው ከሄዱት ጂፖች የተወለደ ታክሲ ነው። ወያላ የለውም። ሒሳቡ በተሳፋሪዎች እጅ ዞሮ ሾፌሩ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በመጣበት ይመለሳል። አንድም ሰው ሲጨቃጨቅ አላየሁም (የኛን ሰው ማማት አይሁንብኝና!)።

ከዚያ አውቶቡስ ያዝን። በጥር 2012 ዓ.ም. የታአል እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የአያቱን ጣሪያ አመድ እንዴት እንደ ተጫነው መንገዱን ሙሉ ሲያወራኝ፣ ስለ እናቱ ግን አላነሳም።

ቤት ስንደርስ የአያቱን እጅ አንስቶ ግንባሩን አስነካ፤ እዚያ ታላቅ የሚከበረው እንዲህ ነው። እኔ ግራ ገብቶኝ እንዳገሬ ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል አሮጊቷ ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ። ሳቅን።

ግድግዳው ላይ የምረቃው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከጎኑ የቆሙት አያቱ ናቸው። እናቱ ኩዌት በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ፤ የኮሌጁ ክፍያ የመጣው ከዚያ ነው። «እኔ እናቴን የማውቃት በስልክ ነው» አለ፣ ዓሣውን እየቆረሰ።

አያትየው በእሱ አስተርጓሚነት፣ እኔንስ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁ።

«እህቴ።»

«የት ናት?»

«ኩዌት።»

ከደወልኩላት ሁለት ወር ማለፉን አልተናገርኩም። አሮጊቷም ዝም ብለው ሳህኔ ላይ ሩዝ ጨመሩልኝ።