«የዕለት እንጀራ» በባሕሪ

ወገኖቼ፣ ከባሕሪ ወጥታችሁ በገዳሪፍ፣ በካሳላ፣ በፖርት ሱዳን፣ በካይሮ የተበተናችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦቻችንም ጭምር፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ፖለቲካ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ይኖርበታል)። ስለ አባታችን ሆይ ነው።

ብዙዎቻችን አቡነ ዘበሰማያትን በልጅነት የሸመደድነው ትርጉሙን ሳናውቅ ነው። እኔ ትርጉሙ የገባኝ ባሕሪ ነው። የቀን ሥራ ወጥቶ ማታ በያዘው ገንዘብ ዳቦና ፉል የሚገዛ ሰው፣ ከሰል አቀጣጥላ ሻይ የምትሸጥ እህት፣ «የዕለት» ሲሉ ቃሉን በኪሳቸው ያውቁታል። ለነገ የሚያድር የለማ!

ቋንቋ አስተማሪ ነኝና ትንሽ ታገሡኝ። «የዕለት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል ከዚህ ጸሎት ውጭ ይገኛል ለማለት ይቸግራል፤ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል። አንዱ የዛሬ ነው ይላል፣ ሌላው የነገ፣ ሌላው ለመኖር የሚያስፈልግ። ኮፕቶች በዓረብኛ ሲጸልዩ የነገውን እንጀራ ይለምናሉ። ሌሎች ዓረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች «ከፋፍ» ይላሉ፤ የማይተርፍ የማይጎድል ማለት ነው። የኛ ግእዝ ደግሞ እንጀራ ሳይል «ሲሳይ» ይላል። ሱዳኖቹ ዳቦን «ዒሽ» ይሉታል፤ ቃሉ ከመኖር ጋር አንድ ሥር አለው። በታኅሣሥ 2011 አትባራ ላይ ሕዝብ የወጣው የዒሽ ዋጋ ስለናረ ነበር፤ አራት ወር ሳይሞላ የ30 ዓመቱ መሪ አልበሽር ወረዱ። ዳቦ ቀላል ነገር አይደለም።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ሲጀመር ቀዳም ሥዑር ነበር። እኛ የፋሲካ ዋዜማ ላይ፣ ጎረቤቶቻችን ረመዳን ላይ፤ ሁላችንም ጾመኞች። የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ሥራ አቆመ፣ ሰው ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ያው የኛው ዓባይ ነው፤ ማደሪያ የለውም እንደተባለው፣ እንደኛው።

በግቢያችን አማራም ትግሬም ኦሮሞም ኤርትራዊም ነበር። ከ2013ቱ የሰሜን ጦርነት ወዲህ ሰላምታ የተነፋፈጉ ነበሩ። ተኩሱ ሲበረታ ግን ሁላችንም መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ ገባን። አንዲት እናት አባታችን ሆይን ጀመሩ፣ ሁሉም ተከተለ። ይቅርታው ላይ ሲደርስ የብዙው ድምፅ ዝቅ አለ። እኔም ሰምቻለሁ።

በማቴዎስ ወንጌል ግሪኩ እዚያ ላይ የሚለው «ዕዳ» ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። ቤቱን ያቃጠሉበት፣ ወንድሙን የገደሉበት ሰው ፍትሕ ይጠይቅ፤ ይህን ማንም አይከለክለውም። ግን እዚያች ክፍል ውስጥ ያልነበሩትን ሰዎች ዕዳ ከጎረቤቱ ሊሰበስብ አይችልም። ደግሞም ጸሎቱ «ስጠን» እንጂ «ስጠኝ» አይልም። ከዚያች ሌሊት በኋላ የነበረችው ሽሮና ምስር በአንድ ድስት ተሠራች። የዘር ክርክሩ አልቀረም (ሐበሻ አይደለን?)፣ ግን አፍ እየጎረሰ ነው።

ወደ ፈተና አታግባን የሚለውን ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። ፈተናው ስልክ ይደውላል፣ ደላላ ይባላል። «ሊቢያ ብቻ ድረስ፣ የቀረው ቀላል ነው» ይላል። አገር ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ በሬና መሬት ሸጣችሁ ለደላላ አትላኩ። ከተገኘ ለልጁ የሳምንት የምግብ ላኩለት፤ ይብቃው። «ለምን አይመለስም?» አትበሉትም። መመለስ ቢችል ኖሮ ስደተኛ ይባል ነበር?

የዚያ ግቢ ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ የት እንዳላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጸሎቱን የጀመሩት እናት ልጃቸው እያፈላለጋቸው ነው፤ መተማ በኩል ሳይወጡ አልቀሩም ይላል።