ለፒያሳ ሰው ምኑ ነው?

ጋዜጠኝነት ሲያስተምሩን «ዜናው ለአንባቢው ምኑ ነው?» ይሉን ነበር። እስቲ ህንድና ፓኪስታን በኒውክለር ቢጫረሱ ለፒያሳ ሰው ምኑ ነው?

ዳቦው ነዋ! ከሚነዱት ከተሞች የሚነሳው ጥቀርሻ ዝናብ ከማያጥበው ከፍታ ወጥቶ ለዓመታት ፀሐይን ይጋርዳል፤ ምድር ትቀዘቅዛለች፣ ዝናብ ይቀንሳል። በ2014 ዓ.ም. «ኔቸር ፉድ» ላይ የወጣ ጥናት ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰው በረሃብ ሊያልቅ እንደሚችል አስልቷል። እህል ሲጠፋ ሻጭ አገር መጀመሪያ የራሱን ጎተራ ይቆልፋል። አብዛኛው ገበሬያችን ደግሞ ሰማይ አይቶ የሚዘራ ነው። አንድ ቦንብ ሳይወድቅብን የአራዳ ዳቦ ቤት ሊዘጋ ይችላል።

«ምን አቅም አለን?» እንዳትሉኝ። በ1954 ዓ.ም. በኒውክለር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚለውን ውሳኔ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች፤ 55 ለ20 አልፏል። ቦንብ የሌላት አገር ያኔ ተናግራ ተሰማች። ዛሬስ ስለ ዳቦአችን ማን ይናገርልን?