የተሳሳተ ዘበኛ

ባለፈው ዓመት ለጉሮሮ ሕመም ፔኒሲሊን ተወጋሁ። ከደጁ ሳልወጣ ፊቴ አበጠ፤ ትንፋሽም አጠረኝ። አድሬናሊን ባይደርስልኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባላነበባችሁት ነበር።

ነገሩ የሰውነቴ ዘበኛ መድኃኒቱን ጠላት አድርጎት ነው። ጌልና ኩምስ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዲህ ያለውን ስሕተት በ4 ከፈሉት። የእኔው 1ኛው፣ ፈጣኑ ነው። ይኸው ፔኒሲሊን በ2ኛው መንገድ ቀይ የደም ሕዋስን ሊያፈርስ ይችላል፤ 3ኛው ኩላሊትን ይጎዳል። 4ኛው ዘገምተኛ ነው፤ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ክንድ ሲወጋ እብጠቱ የሚነበበው ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው።

ሳልወጋ «ቀድሞ መርፌ ተጣልቶህ ያውቃል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም በልጅነቴ ከመርፌ በኋላ ገላዬ ሽፍ ብሎ እንደ ነበር አልተናገርሁም። እናቴ ግን ታውቅ ነበር። አሁን በወረቀት ጽፌ በኪሴ ይዣለሁ፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼም ያውቃሉ።