ኩጁር፣ የጁባ ማማ

ኮሎሎ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ኤምባሲዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ከረጃጅም አጥርና ከእሾህ ሽቦ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ጄኔሬተሩ ቀንም ሌሊትም ያጉረመርማል። መንገዱ ላይ ቆሞ ጁባ ምን እንደምትመስል ማወቅ አይቻልም። እኔ ደግሞ እንግዳ ከተማ ስገባ አስቀድሜ የምጠይቀው ከላይ ሆኖ የሚታይበትን ቦታ ነው። ከተማን ከላይ ያላየ ሰው አቅጣጫው እንኳ ቶሎ አይገባውም።

ምሳ የምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤት የጎንደር ሰው ናቸው። «እትዬ፣ ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ማማ የለም?» አልኳቸው።

«እዚህ የፋሲል ግንብ የለም ልጄ። ኩጁርን ውጣ። ግን በማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፤ ውሃም ያዝ» አሉኝ።

ምክራቸው ልክ ነበር። ጁባ በበጋ እሳት ናት፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መንግሥት በሙቀቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶችን እስከ መዝጋት ደርሷል። ጎህ ሲቀድ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ብስክሌት ታክሲ ተሳፍሬ፣ ወደ የይ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወደ ምዕራብ ወጣሁ። ጀበል ኩጁር ከርቀት ሲታይ ከሜዳው ድንገት ብቅ ያለ ራቁት አለት ነው። ኩጁር ማለት በአካባቢው ዐረብኛ ከመናፍስት ጋር የሚነጋገር አዋቂ ነው፤ ተራራው በስሙ ተጠርቷል።

ግርጌው ላይ የጠበቀኝ ግን ዝምታ አልነበረም፤ የመዶሻ ድምፅ ነው። ሴቶች በየጥላቸው ተቀምጠው ድንጋይ ይሰብራሉ። ከተራራው የተፈነቀለው አለት መጀመሪያ በትልቅ መዶሻ ይከፈላል፤ ከዚያ በትንሹ መዶሻ ተቀጥቅጦ ጠጠር ይሆናል። ጠጠሩ በየመጠኑ ተለይቶ ይከመራል፤ የጭነት መኪና መጥቶ እስኪገዛው ድረስ የሰበረችው ሴት አጠገቡ ትቆያለች። ዐይኗን ከፍንጣሪ የሚከልል መነጽር ያደረገች አንዲትም አላየሁም። ብዙዎቹ ጦርነት ከቀያቸው ያፈናቀላቸው ናቸው። ቆሜ ሰላምታ ስሰጥ አንዷ መዶሻዋን ሳታቆም፣ በአገጯ ወደ ላይ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ አሳየችኝ።

አወጣጡ ረጅም አይደለም፤ አለቱ ግን ያንሸራትታል፣ በእጅ መቧጠጥ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። ጫፉ ላይ ደርሼ ዞር ስል ከተማው በሙሉ ከፊቴ ነበር። ቆርቆሮው በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል። በስተሰሜን ጉዴሌ ማብቂያ የሌለው መስሎ ተዘርግቷል። ሰሜን ምሥራቅ ላይ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከእሱ ወዲህ ኮሎሎና ቶምፒንግ። ከሁሉም ወዲያ በምሥራቅ ነጭ ዓባይ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይሄዳል። ወንዙን የሚሻገሩት ድልድዮች ከዚህ ርቀት አይለዩም፤ አንደኛው ጃፓን የሠራችው 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነፃነት ድልድይ ነው፣ በ2022 የተመረቀ። የነፃነት ትግሉ መሪ ጆን ጋራንግ የተቀበሩበት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በፌብሩዋሪ 2023 ቅዳሴ የመሩበት አደባባይ፣ እንዲሁም የካቶር ቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል እዚያ ጣሪያዎች መሐል ናቸው።

ወደ ታች ሳይ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ግቢና የተፈናቃዮቹ መጠለያ። በዲሴምበር 2013 የእርስ በርስ ጦርነቱ ጁባ ላይ ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ድርጅቱ ግቢዎች ሸሹ። በጁላይ 2016 ደግሞ ውጊያው እዚሁ ተራራ ሥር ነበር። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይህን ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። የመጀመሪያው የደቡብ ሱዳን ጦርነት የቆመበት የ1972ቱ ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ ነው፤ በ2013 የተነሣውን ጦርነት ለማቆም የተደረገው የ2018ቱም እንዲሁ። በቀለም የተፈረመው ወረቀት መሬት ላይ ምን ያህል ሰው እንደሚጠብቅ የገባኝ፣ እነዚያን በሸራ የተሸፈኑ ቤቶች ከላይ ሳይ ነው።

እዚህ ማማው ተራራ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከተማን ከላይ ማየት የፈለገ ሰው ግን የጎቲክ ቤተ ክርስቲያን ማማ ይወጣል። የጀርመኑ የኡልም ቤተ ክርስቲያን 161.5 ሜትር ከፍታ አለው፤ ወደ ላይኛው ሰገነት 768 ደረጃ ያደርሳል። በ1377 ተጀምሮ ማማው ያለቀው በ1890 ነው። የጎቲክ ሕንፃ ብልሃቱ ሹል ቅስትና የውጭ ድጋፍ ነው፤ የጣሪያው ክብደት ወደ ጎን ይሄዳል፣ ግድግዳው ቀጥኖ መስኮቱ ይሰፋል፣ ሕንፃው ወደ ላይ ይመዘዛል። የእኛዎቹ ጎንደሬዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ መንገድ ያዙ፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ኖራ፣ በየማዕዘኑ ጉልላት ያለው ክብ ግንብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አገር የሚቃኝበት አራት ማዕዘን ማማ። በሁለቱም ቦታ ግን ድንጋዩ ከምድር ተነሥቶ ወደ ላይ ወጥቷል።

ጁባ ላይ ድንጋዩ የሚወርድ ነው። ማማውን ማንም አልሠራውም፤ ቆሞ ተገኘ። ከተማው ደግሞ በ2011 የአዲስ አገር ዋና ከተማ ከሆነ ወዲህ ለግንባታው ጠጠር ሲፈልግ ከዚህ ይወስዳል። የኮሎሎ አጥሮችና ሆቴሎች ኮንክሪት ውስጥ የኩጁር አካል እንዳለ አልጠራጠርም። ከጫፉ ሆኜ የተቆረሰውን ጎኑን ሳይ ያዘንኩት ለተራራው ብቻ አልነበረም። ሴቶቹ መዶሻቸውን ቢያስቀምጡ ማታ ልጆቻቸው የሚበሉት የለም። «ተራራው ይከለል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ግን ከመከለሉ በፊት ለእነሱ ሌላ እንጀራ መገኘት አለበት። ይህን አምናለሁ፦ የላይኛው አለት ሳይነካ ቢቆይ፣ ወደ ላይ የሚወጣውን እንግዳ የሚመሩት፣ ውሃና ሻይ የሚሸጡለት እነዚሁ ሴቶች ቢሆኑ፣ ከጠጠሩ ያላነሰ ገቢ ሊያገኙ ይችላሉ። ዛሬ ግን ወደ ላይ የሚወጣው እንግዳ ጥቂት ነው፤ የጠጠር መኪናው አይቋረጥም።

ለሚሄድ ሰው፦ ጁባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ያስይዛል፤ ካሜራውን ማረፊያው ይተወው። የአካባቢ ሰው ይዞ ይውጣ፣ የጸጥታውን ሁኔታ በዚያው ማለዳ ይጠይቅ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርግ። ሲወርድም ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ፤ ወጪውን እሱ ይክፈል።