ትርፍ



ከዒሻ ሶላት ስንመለስ የዶርም ጓደኛችን የአበባ ፎቶ አሳየን። አበባው ዴይሊሊ ይባላል። መነሻው ምሥራቅ እስያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ሰዎች በጓሯቸው ያዳቅሉታል። አንዱ አበባ የሚቆየው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። እንደ ወትሮው ከሆነ ከውጭ ሦስት፣ ከውስጥ ሦስት፣ በድምሩ 6 ቅጠሎች አሉት፤ ብናኝ የሚይዙት ዘንጎችም 6 ናቸው። የፎቶው አበባ ግን 8 ቅጠልና 8 ዘንግ ነበረው።

«ዲፌክት ነው» አልን። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከልኬት የወጣ ነገር ሲያይ ቶሎ የሚመጣለት ይኸው ነው።

ጓደኛችን ሳቀብን። አዳቃዮቹ ዘሩን ዘርተው የመጀመሪያውን አበባ ለማየት ሁለት ሦስት ዓመት ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለው ሲወጣላቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይነቅሉትም። ያው ተክል ዛሬ ባለ 8፣ ነገ ባለ 6 ሊያብብ ስለሚችል ይቆጥሩታል፤ ሲያስመዘግቡትም ከመቶው ስንቱ አበባ ትርፍ ቅጠል እንዳለው ይጽፋሉ።

«ትርፍ» ሲል ዝም አልን። ሦስታችን የቀራነው አንድ መድረሳ ነው። እዚያ ትርፍ ጣት ያለው ልጅ ነበር፤ «ስድስቴ» እንለው ነበር። ሎህ ሲይዝ እጁን በእጅጌው ይሸፍናል፤ ውዱእ የሚያደርገው እኛ ጨርሰን ስንሄድ ነው። ከሁላችንም ቀድሞ ቁርኣን አኸተመ፤ ከዚያ ቀረ። ኡስታዛችን ለምን እንደቀረ ሲጠይቁን መሬት መሬት አየን።

አላወቅንም ነበር ማለት አንችልም። በሰው ማላገጥ ሐራም መሆኑን መድረሳ ቀርተናል። ትርፍ ጣት ከወላጅ ሊወረስ እንደሚችልም በመንግሥት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ተምረን ፈተና ላይ መልሰናል። ሁለቱም ትምህርት አፋችንን አልያዘውም። የማያውቁት ሰዎች ለአበባ ያደረጉትን እኛ ለወንድማችን አላደረግንም።

ባለፈው ጁሙዓ ስልኩን ከሰፈር ሰው አግኝተን ደወልን። «አፉ በለን» አልነው። ቆየት ብሎ «ማን ማን ናችሁ?» አለ። ስማችንን በየተራ ነገርነው። «ረስቼዋለሁ» አላለንም። «አላህ ሁላችንንም ይማረን» አለና ስለ ትምህርታችን ጠየቀን።

ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም የምትደውሉለት ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውሉ።