በዚህ ሳምንት በቤታችን ያየናቸው ሦስት ክፍሎች

ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቶ ከአባወራው መቀመጫ ፊት ለፊት ከተተከለ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ማታ ማታ ሳይሾም ዳኛ ሆኗል። አንዱ ያመሰግናል፣ ሌላው ይነቅፋል፣ ሦስተኛውም ሳይጨርሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም በዚህ ሳምንት ከቤተ ሰቤ ጋራ ስለ ተመለከትሁት ተከታታይ ፊልም፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች የታየኝን ለአንባቢዎች መናገር እወዳለሁ።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ዘ ቾዝን» ይባላል፤ «የተመረጡት» ማለት ነው። የጌታችንንና የደቀ መዛሙርቱን ታሪክ የሚያሳይ ሲሆን፣ አዘጋጁ ዳላስ ጄንኪንስ የሚባል አሜሪካዊ፣ ከፕሮቴስታንት ወገን የሆነ ሰው ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2011 ዓ.ም. መታየት ጀመረ። ለሥራው የዋለውን ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ያዋጡት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተመልካቾች ናቸው። ሰባት ምዕራፍ እንዲሆን የታሰበ ሲሆን፣ አምስተኛው በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል። እኛ ግን በተራ አንሄድም፤ ልጆቹ የወደዱትን እየመረጡ ያመጣሉ፤ እኔም እንግሊዝኛውን ለእናቴ እተረጉማለሁ።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ወንጌሉ ያልተናገረውን ማን ጨመረው የሚለውን ነው። እርግጥ የእኛም መምህራን በትርጓሜ ጊዜ በንባቡ የሌለ ታሪክ ይነግሩናል፤ የቃናው ሰርግ ባለቤት ዶኪማስ እንደሚባል ያወቅነው ከእነርሱ ነው። ነገር ግን ያ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ ይህኛው በደራሲ ጠረጴዛ ላይ የተፈጠረ ነውና፣ አንድ በአንድ ሊመዘን ይገባዋል።

እሑድ ማታ ያየነው የመጀመሪያውን ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል፣ የቃና ዘገሊላን ሰርግ ነበር። ደራሲዎቹ ሐዋርያው ቶማስን የድግሱ ወይን ኃላፊ አድርገውታል፤ ራማ የምትባል አንዲት ወጣትም አብራው ታገለግላለች። ቶማስ የወይኑን ማለቅ ባወቀ ጊዜ ፊቱ ላይ የሚታየው ጭንቀት፣ ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀት ነው። እናቴም ሳቅ ብላ፣ «አሳላፊ ሆኖ ያላፈረ ማን አለ» አለች። ይህን ጭማሪ አልጠላሁትም። ጌታ እጁን ወደ ጋኑ አግብቶ ሲያወጣ ወይኑ ከጣቱ ሲንጠባጠብ መታየቱን ግን አልወደድሁትም፤ ወንጌላዊው አገልጋዮቹ ውኃ መሙላታቸውንና መቅዳታቸውን ብቻ ነግሮን፣ ተአምራቱን ራሱን በዝምታ ሸፍኖታልና። ጥር 12 ቀን በዓሉን ስናከብር የምናደንቀውም በዚያ ዝምታ ውስጥ ያለውን ነው።

ማክሰኞ ያየነው የሁለተኛው ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል ከሁሉ ይበልጥብኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድውያን ረዥም ሰልፍ ይዘው ወደ ጌታ ይገባሉ፤ ካሜራው ግን አይከተላቸውም። የሚታዩት በፈረቃ ሕዝቡን ሲያስተናግዱ የዋሉት፣ ሲመሽም በእሳት ዙሪያ የተቀመጡት ደቀ መዛሙርት ናቸው። ልጅነታቸውን ያወራሉ፤ በኋላም ጠቡ ይነሣል፤ ስምዖን በቀራጩ በማቴዎስ ላይ የቋጠረውን ቂም ሁሉ ይዘረግፈዋል። ጠቡ ሲጋጋል ጌታ ከድንኳኖቹ ወገን ብቅ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲፈውስ ውሎ ድካም ጎትቶታል፤ በፊታቸው አልፎ ወደ ማረፊያው ሲሄድ ሁሉም አንገታቸውን ይደፋሉ። እናቱ ተነሥታ ትከተለዋለች፤ ጫማውን ፈትታ እግሩን ታጥበዋለች። ከዚህ በቀር ምንም የለም። አንድም ፈውስ ሳያሳዩ ፈውሱ ምን ያህል እንደ ነበር ነገሩን፤ የእሑዱ የወይን ጠብታ ያላደረገውን ይህ አደረገው። እናቴ እግር ማጠቡ ላይ ስትደርስ አለቀሰች፤ እኔም መተርጐሜን አቆምሁ።

በዚሁ ክፍል ውስጥ አንድ የምነቅፈው አለ። እመቤታችን ስለ ልደቱ ስትናገር፣ ሕፃኑን እንደ ማንኛውም አራስ አጽድታ እንደ ያዘችው ያስነግሯታል። ያለ ሕማም እንደ ወለደችው የምናምን እኛ ይህን አንቀበልም፤ ለልጆቹም በዚያው ቦታ አቁሜ ነገርኋቸው። ተዋናዩ ጆናታን ሩሚ ካቶሊካዊ መሆኑን የሰማች እናቴ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ይህ ሰው ይጾማል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሥዕል ፊት ነገ ሌላ ሆኖ አይመጣም፤ የተዋናይ ፊት ግን ይመጣልና፣ ጥያቄዋ ከንቱ አይደለም።

ቅዳሜ ያየነው የሦስተኛው ምዕራፍ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ጌታ አሥራ ሁለቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሕሙማንን እንዲፈውሱ ይልካቸዋል። ታናሹ ያዕቆብ በፊልሙ ውስጥ በምርኩዝ የሚያነክስ ሰው ነው፤ ተዋናዩ ጆርዳን ዎከር ሮስ በእውነትም የጀርባ አጥንት መጣመምና አካሄዱን የሚነካ ሕመም ያለበት ሰው ነው። ያዕቆብ ብቻውን ቀርቦ፣ እኔን ሳትፈውሰኝ ሌላውን ፈውስ ብለህ እንዴት ትልከኛለህ ይላል። ጌታም ሳይድን ማመኑና ማገልገሉ ለብዙዎች ምስክር እንደሚሆን፣ ፈውሱም በጊዜው እንደማይቀርበት ይመልስለታል።

የእኅቴ ልጅ ለትምህርት ብሎ ከእኛ ጋራ ይኖራል፤ ዕድሜው አሥራ ሦስት ነው፤ ከልደቱ ጀምሮ ግራ እግሩ ያነክሳል። ክፍሉ እንዳለቀ፣ «ጋሼ፣ ይህ በወንጌል አለ?» አለኝ። የለም አልሁት፤ ሐዋርያው አንካሳ እንደ ነበረ የሚናገር ንባብ የለም። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ በሥጋው ስላለው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ ጸጋው እንደሚበቃው እንደ ተነገረው በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 12 አለና፣ መጽሐፉን አውጥቼ አነበብሁለት። ይህን ጭማሪ ያልነቀፍሁበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚቆምበት ንባብ አለው።

የራማ ነገር ከዚህ ይለያል። ያቺን በቃና ሰርግ ያየናትን ወጣት፣ በአራተኛው ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል አንድ ሮማዊ ሹም በሰይፍ ይገድላታል፤ ቶማስ እንዲያስነሣት ጌታን እያለቀሰ ይለምናል፤ አይሆንም ይባላል። ራሳቸው ፈጥረው ራሳቸው የገደሏት ናት። ለታሪክ ማጣፈጫ ሲባል እንዲህ ያለውን እንቢታ በጌታ አፍ ማኖር ድፍረት ነው፤ ያንንም ክፍል በቤታችን ሁለተኛ አላስከፍተውም።

እኅቴ ግን የያዕቆብንም አልወደደችውም። ልጇን በየዓመቱ ጠበል ታመላልሰዋለችና፣ «አይድንም ብሎ ተስፋ እንዲቆርጥብኝ ነው ያሳየኸው?» ብላ በስልክ ወቀሰችኝ። ሐዋርያው በተስፋ እንጂ በተስፋ መቁረጥ እንዳልተላከ ብነግራት በጄ አላለችም። በመጪው ጳጉሜንም እንደ ልማዷ ጠበል ልትወስደው ተሰናድታለች፤ ልጁም ደስ ብሎት ልብሱን አዘጋጅቷል። ክፍሉን ግን ከቅዳሜ ወዲህ ብቻውን ሁለት ጊዜ ደግሞ አይቶታል።